የተፈጥሮ ጋዝ በኢትዮጵያ፤ ከቀይ ባሕር እስከ ካሉብ

የተፈጥሮ ጋዝ በከርሠ ምድር፣ በደለል ዐለት ንብርብር ውስጥ ታምቆ የሚገኝ፣ አብዛኛው ሜቴን የሆነ ነዳጅ ነው። ከባሕር ወለል በታች ያለውን ማውጣት ከየብሱ ይልቅ እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ ድኻ አገር ባለሀብቱን ለመሳብ ጋዙን አስቀድሞ ለውጭ ገበያ ለመስጠት ይገደዳል፤ ሞዛምቢክ በሮቩማ ተፋሰስ ያገኘችውን በ2022 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በመርከብ መላክ ብትጀምርም፣ የብዙው ሕዝቧ ምድጃ ዛሬም የሚነደው በእንጨትና በከሰል ነው።

ኢትዮጵያም ባለ ባሕር በነበረችበት ዘመን ዕድሏን በቀይ ባሕር ሞክራለች፤ በ1969 የአሜሪካው ሞቢል በቆፈረው ጕድጓድ ጋዝ ገንፍሎ ቢወጣም ለፍሬ ሳይበቃ ቀረ፣ በ1993 ኤርትራ ስትለይም ባሕሩ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተስፋው ሁሉ በኦጋዴን ላይ ወደቀ። የአሜሪካው ቴኔኮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ያገኘው የካሉብ ጋዝ፣ አብዮቱ፣ የሶቪየት ቈፋሪዎችና መጥቶ የሄደው የማሌዥያው ፔትሮናስ ካለፉ በኋላ፣ በቻይናው ጂሲኤል እጅ በጥቅምት 2025 የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ ተመረቀለት።

ይህ በረከት ለደጋው ምን ይፈይዳል? ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በገሳይ ዙሪያ፣ ባሕር ዛፉ ለቋሚነት በገበያ ስለሚሸጥ፣ እመቤቲቱ እበቱን ከጭድ ጋር ለውሳ ትጠፈጥፈዋለች፣ በበጋው ፀሐይ አድርቃ ትከምረዋለች፣ ምጣዷንም በዚሁ ኩበት ታሰማለች፤ እርሻው ሊበላው የሚገባው ፍግ እንዲህ ጢስ ሆኖ ይቀራል። በካሉብ የሚመረተው ጋዝ ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ፣ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል አንሶ በልዩ ቦቴ የሚጫን ፈሳሽ እንጂ ከሱቅ የሚገዛው ቡታጋዝ አይደለምና፣ ወደዚች ማድ ቤት በቧንቧ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ለምጣዱ የሚቀርበው የዓባይ ግድብ መብራት ነው።

ጋዙ ለዚሁ አካባቢ፣ ለጕና ተራራ ገብስና ድንች የሚደርሰው በሌላ መልክ ነው። ከሜቴኑ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ፣ አሞኒያውም ዩሪያ ይሆናል፤ በጎዴ ከዳንጎቴ ጋር ሊሠራ የታቀደው ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ታስቧል። እስከዚያው የዚሁ አካባቢ ገበሬ የሚዘራበት ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በከባድ መኪና የሚመጣው ነው።