ሦስተኛው ሽቦ

ሙያውን የጀመርኩት በ1961 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ የአንድ አዛውንት ኤሌክትሪሻን ቦርሳ ተሸክሜ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ሥራውን የቀሰሙት በጠላት ጊዜ ከጣሊያን ሠራተኞች ሥር ስለነበር የቦርሳው ዕቃ ሁሉ ስሙ ጣሊያንኛ ነው፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ስፒና። «ኧርዝ» የሚለውን ቃል ግን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ያ ቃል በኋላ ከእንግሊዝኛ መጣ። የአዲስ አበባ ቤቶች ሽቦ እንዴት እንደተዘረጋላቸው ለሚጠይቅ ሰው፣ የዚህ ቃል መዘግየት ትልቅ ምስክር ይመስለኛል።

መብራት ወደ ቤታችን የገባው ለማብራት ብቻ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲበራም፣ ኋላ የአባ ሳሙኤል ግድብ ከአቃቂ ወንዝ ኃይል ሲያመነጭም፣ ሰው የሚመኘው አምፖል ነው። ዛሬም ራዲዮው ጠፍቶ ምጣዱ ቀዝቅዞ «መብራት ሄደ» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ በደረስኩባቸው አሮጌ ቤቶች ክፍሉ መሐል አንድ አምፖል፣ በሩ ጥግ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ጨርቅ የለበሱ ሁለት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ በየክንዱ በተመታ ነጭ የሸክላ ጉብታ ላይ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። ጉብታው ሽቦውን ከጭቃው ግድግዳ እርጥበት ያርቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አራቱን ነቅዬ ቤቴ አስቀምጫለሁ።

ሁለቱም ሽቦዎች አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው። ጋሼ በቴስተር ኃይል የሚያመጣውን ፌዝ ሳይለዩ ምንም አይነኩም። «ማብሪያው ፌዙን ይቁረጥ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። መመለሻውን ኒውትራል ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ አምፖል መያዣው ግን እንደተቆጣ ይቀራል፤ ጠፍቷል ብሎ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ያገኘዋል።

የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. በ43.2 ሜጋ ዋት ከተመረቀ በኋላ ኃይሉ በዛ፣ ኋላም የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ገባ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። 60 ዋት አምፖል ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው ከሩብ አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ አንድ ምጣድ ማለት 58 አምፖል ነው። ይህን ሁሉ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ጫንነው። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ሲሸት፣ የሸክላው ፊውዝ ሲቃጠል፣ ሰው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይጠመጥምበታል። ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል መሆኑን ማስረዳት ከሥራው ሁሉ ይከብደኝ ነበር።

ከዚያ በጎንና ጎኑ የብረት ምላስ ያለው ክብ ሶኬት መርካቶ በዛ። ጀርመናዊው አልበርት ቡትነር በ1926 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ዓይነት ነው፤ ምላሶቹ የተሠሩት መሬት ለሚገባው ሦስተኛ ሽቦ፣ ለኧርዙ ነው። እኛ ያንን ሶኬት በሁለቱ አሮጌ ሽቦዎች ላይ ገጠምነው። ደንበኛው አዲስ ዕቃ አይቶ ይደሰታል፤ ምላሶቹ ግን ከምንም ጋር አልተገናኙም። አንዳንዶቻችን ከዚህም የከፋ ሠራን፤ ምላሱን በቁራጭ ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር አገናኘነው። ድልድይ እንለዋለን። ምጣዱ መንዘሩን ስለሚተው መፍትሔ መሰለን።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ያንን ድልድይ በእጄ የሠራሁላቸው ጎረቤቴ እትዬ፣ እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ሰኩ። ዝናቡ ቆጣሪው አጠገብ ኒውትራሉን በጥሶት ነበር። መመለሻ ያጣው ኃይል በምጣዱ ሽቦ አልፎ በድልድዩ ወደ ምጣዱ ቆርቆሮ ዞረ። ያዳናቸው የተቀመጡበት ደረቅ የእንጨት በርጩማና የጎማ ሸበጣቸው ነው። እጃቸው ለቀናት ደነዘዘ። ልጃቸው ጠርታኝ ሶኬቱን ስፈታው የራሴን ቁራጭ ሽቦ አየሁ።

አስቀድሜ ድልድዩን ቆረጥኩ። በማግስቱ ከጓሮው ጥግ የመዳብ ዘንግ እስከ ራሱ ቀበርኩ፤ ከዘንጉ አረንጓዴ ሽቦ ስቤ በወፍራም ቱቦ ለብቻው ወደ ምጣዱ ሶኬት አመጣሁ፤ ፌዝና ኒውትራሉንም በወፍራም ቀየርኩ። ገንዘብ አልተቀበልኩም። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ የአገር ስታንዳርድ የወጣለት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ግን ከእትዬ ቤት ወዲህ በሄድኩበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምፈታው የምጣዱን ሶኬት ነው።

እትዬ ሽቦው በተቀየረ ዕለት ምጣዱ ከተሰካ በኋላ ርቀው ቆሙ። ቴስተሩን ቆርቆሮው ላይ አሳርፌ አለመብራቱን አሳየኋቸው። አላመኑም። እኔ እጄን አሳረፍኩበት። እሳቸውም ቀስ ብለው ቀረቡና በእጃቸው ጀርባ ጎኑን ነካ አደረጉት።

«ዝም አለ» አሉኝ።