የኩላሊት ነርቮችና የደም ግፊት፦ ከቢላዋ እስከ ቀጭን ቱቦ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ነው፤ ግን ስለ ጨው ልመክራችሁ አይደለም።

ቤታችሁ ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት ኪኒን እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ካለ፣ "ሳይቀዱ በቱቦ የሚያክሙት አለ አሉ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሐኪም ፊት የምናስተረጉመው እኛው ስለሆንን ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አንጎል በነርቮች በኩል ኩላሊትን "ጨውና ውኃ ያዝ" እያለ ያዛል፤ ትእዛዙ ሲበዛ ግፊት ይጨምራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ደህና መድኃኒት ስላልነበረ ሐኪሞች ጀርባ ከፍተው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ነርቮች ይቆርጡ ነበር። የቦስተኑ ሬጂናልድ ስሚዝዊክ በ1953 ከ1,200 በላይ ሰዎችን ውጤት አሳተመ፦ በ5 ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኙት ከ100 19 ገደማ፣ ካላገኙት ደግሞ 54 ገደማ ሞተዋል። ግን ከተቆረጠላቸው መካከል ብድግ ሲሉ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሚያሸናው ኪኒን ሲመጣ ቢላዋው ተተወ።

በ2009 አውስትራሊያዊው ሄንሪ ክረምና ባልደረቦቹ አዲስ ውጤት ይዘው መጡ። በብሽሽት በኩል ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ወደ ኩላሊት ደም ስር ሰደዱና፣ ደም ስሩን ከውጭ የከበቡትን ነርቮች ከውስጥ ሆነው በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት አቃጠሉ። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወረደ። ዓለም ጮቤ ረገጠ!

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት 535 ሰዎችን በዕጣ ለየ። ሁሉም ዓይናቸው ተሸፈነ፣ ሙዚቃ ተከፈተላቸው፣ ቱቦው ገባላቸው፤ የሦስተኛው እጅ ነርቭ ግን አልተነካም። ማን እንደታከመ ታካሚው አያውቅም። ከ6 ወር በኋላ የታከሙት ግፊት በ14፣ የማስመሰያው ቡድን ደግሞ በ12 ገደማ ወረደ። ምንም ሳይቃጠልለት! ምናልባት እየታየ መሆኑን ያወቀ ሰው ኪኒኑን ሳያጓድል መዋጥ ይጀምራል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ለሥራው አዲስ ነበሩ፣ በደንብ አላቃጠሉም ያሉም አሉ። እኔ ግን ያለዚያ ማስመሰያ ዛሬም በጭብጨባው ውስጥ እንኖር ነበር እላለሁ።

መሣሪያው ተሻሽሎ፣ በማስመሰያ እየተፈተነ፣ በኅዳር ወር 2023 አሜሪካ ሁለቱን ፈቀደች፦ አንዱ በአልትራሳውንድ፣ ሌላው በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ። ከማስመሰያው ጋር ያለው ልዩነት መጠነኛ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ኪኒኑን ይቀጥላል። ደግሞ ሐኪሙ ቱቦውን ሲያወጣ ነርቩ በትክክል መቃጠሉን እዚያው የሚያረጋግጥበት ቀላል ምርመራ የለውም። ወራት ጠብቆ ግፊቱን ይለካል።