የአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ምድቦች፣ አሠራራቸውና አጠቃቀማቸው

አንቲባዮቲክ በባክቴሪያ ምክንያት የሚመጡ ሕመሞችን ለማከም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እያንዳንዱ ምድብ የሚያጠቃው የባክቴሪያው ክፍል የተለየ በመሆኑ ለጎረቤት የሠራ ካፕሱል ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የቫይረስ ሕመሞች ናቸው፤ ቫይረስ እነዚህ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩበት አካል ስለሌለው የትኛውም ምድብ አይፈውሳቸውም።

በሰፊው የሚታወቀው የፔኒሲሊን ቤተሰብ ሲሆን አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊን በዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። ባክቴሪያ በሚባዛበት ጊዜ ዙሪያውን የሚከልል ግድግዳ ይሠራል። ፔኒሲሊን ይህን ግንባታ ያስተጓጉላል፤ ግድግዳው የሳሳበት ባክቴሪያም ፈንድቶ ይሞታል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ይሁን እንጂ ፔኒሲሊን በጥቂት ሰዎች ላይ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሣል፤ ቀደም ሲል ወስዶ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። አሞክሳሲሊን ለሕፃናት የሳንባ ምች ተመራጭ ነው። የቶንሲል ሕመምን ተከትሎ የልብ ሕመም የደረሰባቸው ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት መርፌም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ልጁ ደኅና ቢመስልም መርፌው ሊቋረጥ አይገባም፤ ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር የልብ በሮችን ይበልጥ ይጎዳልና።

ሴፍትሪያክሶንም ግድግዳውን የሚያጠቃ ሲሆን ለከባድ ኢንፌክሽን የሚሰጥ መርፌ ነው። «ጠንከር ያለ መርፌ ይታዘዝልኝ» የሚሉ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። የሚፈውሰው ግን ከጀርሙ ጋር የሚስማማው መድኃኒት እንጂ የመርፌው ጥንካሬ አይደለም።

ሌሎች ምድቦች ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳያመርት ያግዱታል። ዶክሲሳይክሊን ለታይፈስና ለግርሻ ትኩሳት፣ አዚትሮማይሲን ደግሞ በትራኮማ መከላከል ዘመቻ ይሰጣሉ። ቴትራሳይክሊን የሚዋጥ ሆኖ ሲሰጥ የልጆችን ጥርስ እስከመጨረሻው ሊያበልዝ ስለሚችል ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። ጄንታማይሲን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል በባለሙያ ክትትል ብቻ ይሰጣል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የባክቴሪያው ዘረመል እንዳይባዛ ያደርጋል። ከወተት ወይም ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ አልፎ አልፎም ጅማትን ይጎዳል። ለአሜባና ለጃርዲያም የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል በሚወሰድበት ጊዜ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ መጠጣት አይመከርም።

መድኃኒቱ ያለ አግባብ በተወሰደ ቁጥር ሊቋቋሙት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ተርፈው ይባዛሉ፤ ወደ ቤተሰብና ወደ ጎረቤትም ይተላለፋሉ። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፍሏል፤ አሞክሳሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት፣ ሴፍትሪያክሶንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ጥንቃቄ ከሚሹት ሲመደቡ፣ ሦስተኛው ክፍል ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር የሚያዝ መጠባበቂያ ነው።

ስለሆነም ተገልጋዮች አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይገዙ፣ የተረፈውን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ፣ የካፕሱል ዱቄትም ቁስል ላይ እንዳይነሰንሱ ይመከራል። የታዘዘው በተባለው ሰዓትና ለተባለው ቀን ሁሉ ይወሰዳል። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላዩ መድኃኒቱን በራስዎ ሳይቀይሩ፣ ማሸጊያውን ይዘው ወደታከሙበት ጤና ተቋም ይመለሱ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የፊት እብጠት ከታየ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ።