በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ በመኪና መጓዝ፦ ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የጤና መመሪያ

ከአንጋጫ፣ ከዱራሜ ወይም ከሆሳዕና ተነስቶ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ በመኪና መሻገር ጤነኛውንም ሰው የሚያደክም ጉዞ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለብዎ ደግሞ ዝግጅቱ ከቲኬት መቁረጥ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ድንበሩን ሲያልፉ ካርድዎ ያለበት ሆስፒታል፣ የሚያውቅዎ ሐኪምና መድኃኒትዎን በስሙ የሚያውቀው ፋርማሲ ከኋላ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የሚረዳዎ በእጅዎ የያዙት ነው። ይህ ጽሑፍ ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በሕጋዊ መንገድ ለሚጓዙ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚሄዱ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ከአንጋጫ በዱራሜና በሐላባ አድርገው ሻሸመኔ ይወጣሉ። ከዚያ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎና ሜጋ አልፈው ሞያሌ ይደርሳሉ። ከሐዋሳ ሞያሌ ብቻ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል እስከ ናይሮቢ ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዞ ስላልሆነ የማደሪያ ቦታ፣ የምግብና የመድኃኒት ሰዓት አስቀድመው ያስቡ።

በሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች በአንድ ቦታ የሚሠሩበት የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። እዚያ ከመኪና ወርደው ፓስፖርትና የጤና ካርድ ያሳያሉ፤ ዕቃዎም ይፈተሻል። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል መቆም የሚከብደው ታማሚ ካለ ለሠራተኞቹ ቀድመው ይንገሩ። የመግቢያ ፈቃድ ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሳትዎ በፊት የኬንያ ኤምባሲን ይጠይቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት

ቢጫ ወባ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ከተለመደው ወባ ይለያል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። በሽታው ከአካባቢያችን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን እነሞርና ኤነር ወረዳ ወረርሽኝ ተከስቷል። በ2022 በኬንያ ወረርሽኝ የታወጀው በኢሲዮሎ አውራጃ ነበር፤ ኢሲዮሎ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት።

ኬንያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ፣ ዕድሜያቸው 1 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ መንገደኞች የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ በእነዚህ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ስለ ካርዱ ማወቅ ያለብዎ፦

- ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ መከተብ ለድንበሩ አያገለግልም።
- አንድ ጊዜ ከተከተቡ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይህ ደንብ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራበት ነው።
- ዓለም አቀፉን ካርድ የሚሰጡት መንግሥት የመደባቸው የክትባት ማዕከላት ብቻ ናቸው። በጣም ቅርብ የሆነውን ለማወቅ ዱራሜ ወይም ሆሳዕና የሚገኘውን የዞን ጤና መምሪያ ይጠይቁ።
- ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ስም ጋር በፊደልም ሳይቀር አንድ መሆን አለበት።

ክትባቱ ለሁሉም አይሰጥም። ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ላለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎች አይመከርም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችና ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይከተቡ። መከተብ የማይችል ሰው ምክንያቱ የተጻፈበት የሐኪም ማስረጃ መያዝ ይችላል። ሆኖም በድንበሩ ላይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ተጨማሪ ጥያቄ ወይም ክትትል ሊያደርጉ ይችላሉ።

መድኃኒትዎን እንዴት ይያዙ?

1. ከሚቆዩበት ቀን ቢያንስ የ2 ሳምንት ብልጫ ያለው መድኃኒት ይያዙ። መመለሻው ሊዘገይ ይችላል።
2. መድኃኒቱን ከመኪናው ጣራ ላይ ወይም ከኋላ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይላኩ። በእጅ ቦርሳ ከራስዎ አይለይ። በድንበሩ ላይ ከመኪና ሲወርዱም ይዘውት ይውረዱ።
3. ከፋርማሲ በተሰጠበት ማሸጊያ ይያዙት። በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ለፈታሹም ለሐኪሙም ምን እንደሆነ አይታወቅም።
4. ከሚከታተልዎ ሆስፒታል በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ማጠቃለያና የመድኃኒት ማዘዣ ያስጽፉ። በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በሌላ ሆስፒታል ክትትል ካለዎ በቀጠሮዎ ቀን ይጠይቁ። በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ዋና ስሙ ይጻፍ። ለምሳሌ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል የሚለው ስም በኬንያም ይታወቃል።
5. ፌኖባርቢታል፣ ዳያዜፓም፣ ትራማዶልና ሞርፊን ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ማዘዣ ይዞ ድንበር ማለፍ ሊያስጠይቅ ይችላል። ይሁን እንጂ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ቤት አይተዉት፤ ማዘዣውን ይያዙ።
6. የሌላ ሰው መድኃኒት «አድርስልኝ» ቢባሉ አይቀበሉ።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ መድኃኒት የሚወስዱበት ጊዜ አይለወጥም። የሚለወጠው አጻጻፉ ነው። የኬንያ ቲኬትና የመድኃኒት ወረቀት ላይ ጠዋት «8» ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ግን እንደ እኛው ከጠዋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ «ሳ ምቢሊ» ቢሉዎ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። ስለዚህ «ጠዋት ከቁርስ በፊት» ወይም «ማታ ከመተኛት በፊት» ብለው ያረጋግጡ። የቀጠሮ ቀንዎንና መድኃኒቱ የሚያልፍበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይያዙ።

የስኳር ሕመም ካለብዎ

- ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለው ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ከያቤሎ በኋላ መንገዱ ቆላ ስለሆነ የሞተር ሙቀት ከሚያገኘው ቦታና ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ያርቁት። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፤ ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን ተበላሽቷል።
- ምግቡ እጅዎ ላይ ሳይደርስ «አሁን እንቆማለን» በሚል ተስፋ ኢንሱሊን አይወጉ። በኬላ ፍተሻ ወይም በጎማ ብልሽት ምግቡ ሊዘገይ ይችላል።
- ዳቦ ወይም ቆሎ ከስኳር ጋር በኪስዎ ይያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎ ይድገሙት፤ ከዚያም ምግብ ይብሉ።
- ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨምሩ። በጎኑ አስተኝተው ወደ ቅርብ የጤና ተቋም ይውሰዱት።
- አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰው ወይም ለረዳቱ ሕመምዎን ይንገሩ። ዝም ማለት ስካር ወይም እንቅልፍ አስመስሎ ዕርዳታ ያዘገያል።

የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ካለብዎ

ብዙ መንገደኞች ሽንት እንዳያስቸግራቸው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ የሚያሸና ክኒናቸውንም ይዘላሉ። ሁለቱም ይጎዳሉ። የውኃ እጥረት ደምን ያወፍራል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ክኒኑን መዝለል ደግሞ የልብ ድካም ባለበት ሰው ላይ እብጠትና የትንፋሽ እጥረት ሊያመጣ ይችላል። ክኒኑን ማታ ማደሪያዎ ሲደርሱ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ውኃ እንዲቀንሱ ካልታዘዙ በስተቀር በየተወሰነ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ፤ መኪናው በቆመ ቁጥርም ሽንት ቤት ይሂዱ።

ረጅም ሰዓት መቀመጥና የደም መርጋት

ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ቀደም ሲል ደም የረጋባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም የወለዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የካንሰር ታማሚዎችና በጣም የወፈሩ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ከእግርዎ ሥር ዕቃ አይከምሩ። በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። መኪናው ሲቆም ወርደው ይራመዱ። በራስዎ ውሳኔ አስፕሪን አይጀምሩ።

ወባ፣ ውኃና ምግብ

አንጋጫና አካባቢዋ ደጋ ናቸው። በደጋ ያደገ ሰው ወባን የመቋቋም ኃይል ስለሌለው በቆላ ሲነከስ ሕመሙ ሊከብድበት ይችላል። በሚያድሩበት ቦታ አጎበር ይጠቀሙ፤ ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ። የመከላከያ ክኒን ያስፈልግዎ እንደሆነ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሕፃን ይዘው ከሆነ ሐኪም ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያም በኬንያም የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። የታሸገ ወይም የፈላ ውኃ ይጠጡ፤ ትኩስ ምግብ ይብሉ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። 2 ወይም 3 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ይያዙ። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ይበጠበጣል።

ጉዞውን ማስተላለፍ ያለበት ማነው?

- ዕረፍት ላይ ሆኖ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ያለበት
- በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም የተባባሰበት ወይም ስትሮክ የያዘው
- የሳምባ ነቀርሳ ሕክምና ገና የጀመረና ሐኪሙ «አሁን አታስተላልፍም» ያላለው
- የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ ወይም ደም የሚፈስሳት ነፍሰ ጡር
- ትኩሳት ላይ ያለ ማንኛውም ሰው

በሕጋዊው በር ብቻ ይሻገሩ

ደላላ «ወረፋ የለውም» ብሎ በጫካ ወይም በተዘጋ የጭነት መኪና ሊያሻግርዎ ቢል እሺ አይበሉ። ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በአንድ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ ከተገኙት 78 ኢትዮጵያውያን መካከል 64ቱ ሞተው ነበር። በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ አየርም ውኃም ያልቃል፤ ቢታመሙ የሚሰማዎ የለም።

መንገድ ላይ ቢታመሙ

በኢትዮጵያ በኩል የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ ስልክ 8335፣ በኬንያ ደግሞ የአደጋ ጥሪ 999 ወይም 112 ነው። በኬንያ መንገድ ላይ ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ የመንግሥት ሆስፒታል አላቸው። እስከ ማርሳቢት ድረስ በቦረና ኦሮምኛ መግባባት ይቻላል። ጥቂት የስዋሂሊ ቃላትም ይጠቅማሉ፦ ዳክታሪ (ሐኪም)፣ ዳዋ (መድኃኒት)፣ ማጂ (ውኃ)፣ ኪሱካሪ (የስኳር በሽታ)።

የሚከተሉት ከታዩ ጉዞውን አቋርጠው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

- የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት
- አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ መቅላትና ማመም
- የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መጎተት
- ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ የሚጥል ሕመም
- እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ከከባድ ድካም ጋር
- ትኩሳት ከዓይን ቢጫ መሆን ወይም ከመድማት ጋር

ከተመለሱ በኋላ

የወባ ምልክት ከተነከሱ ከ7 ቀን በኋላ ጀምሮ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ወደ አንጋጫ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎ «ብርድ ነው» ብለው አይተዉት፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ለጤና ባለሙያው በመጀመሪያ የሚነግሩት «ከኬንያ በሞያሌ መንገድ ነው የመጣሁት» የሚለውን ይሁን። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ይህን ካልሰማ ወባን ወይም ቢጫ ወባን ቶሎ ላይጠረጥር ይችላል።