የይፋት ታሪክ የት ይደር?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። የደጋው ብርድ ከኋላ ይቀራል፤ የማሽላውና የማሾው ማሳ፣ የሽንኩርቱ መደብ ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት ደርሶ ምሳውን ይበላል፤ ፊቱን ይታጠባል፤ ጉዞውን ይቀጥላል። የረገጠው ምድር ይፋት መሆኑን፣ ይፋትም በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ የያዘ መንግሥት እንደ ነበረ የሚያስታውስ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ዘመን የትውልድ ቀያቸውን ታሪክ በኢንተርኔት ለማኖር የሚመኙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁትም «በምን እናውጣው? በብሎገር ይሻላል ወይስ በዎርድፕረስ? ወይስ ፌስቡክ ይበቃል?» ብለው ነው። ጥያቄው የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የታሪክ ጥያቄ ነው እላለሁ። ይፋት ቃሉን የት የት እንዳኖረና ምን እንደ ገጠመው ብንመረምር፣ መልሱን ከዚያው እናገኘዋለንና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋዩና ካይሮ

ዑመር ወላስማ የሸዋን የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ያስወገደው በ1285 ነው። ከዘሩ አንዱ የሆነው ሰብረዲን በ1332 ከዐፄ አምደ ጽዮን ጋር ተዋጋ፤ የዚያ ጦርነት ታሪክ በግእዝ ተጽፎ እስከ እኛ ደርሷል፤ የጻፈው ግን የአሸናፊው ወገን ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ስለ ይፋት ምርትና ሠራዊት የጻፈው አል ዑመሪ በግብጽና በሶርያ የኖረ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሲሆን፣ አገሩን የሚያውቁትን ጠይቆ እንጂ በዓይኑ አይቶ አልጻፈም። የካይሮው አል መቅሪዚም በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንዲሁ አደረገ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡት እንግሊዛውያን ሃሪስና ጆንስተን ደግሞ የአልዩ አምባን ገበያ ገልጸው መጻሕፍታቸውን በ1844 ለንደን ላይ አሳተሙ።

ይፋት በራሱ አፍ የተናገረው በድንጋይ ላይ ነው። የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር በዐረብኛ የተቀረጹ ድንጋዮች አሉት። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬል፣ ቤርትራን ሂርሽና ባልደረቦቻቸው በ2000ዎቹ በዚህ ሸንተረር ተመላልሰው የአስበሪን፣ የመሳልንና የኖራን የከተማ ፍርስራሾች መረመሩ፤ ስለ ይፋት ዋና ከተማና ስለ ሱልጣኖቹ መቃብር ያዘጋጁት ጥናትም በ2017 ታትሞ ወጣ። የት ቢሉ፣ ካይሮ በሚገኘው የፈረንሳይ ተቋም መጽሔት ላይ ነው። እንደገና ካይሮ! ደግነቱ መጽሔቱ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ነገር ግን በፈረንሳይኛ ነው፤ ድንጋዩ ለሸዋ ሮቢት ተማሪ ቅርቡ ሲሆን ንባቡ ሩቁ ሆነ።

ብራናውና ፊልሙ

በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። የሸዋ አድባራትና ገዳማት ብዙ መጻሕፍት በዚህ ሥራ ተነሥተዋል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ወዳለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያም የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ዕድሜያቸውን በእነዚህ ፊልሞች ላይ አሳለፉ። ብዙዎቹን መጻሕፍት አንብበው፣ ይዘታቸውን ለይተው፣ በካታሎግ አሰፈሯቸው። ዛሬ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ በከፈተው የኢንተርኔት ማንበቢያ ማንም ተመዝግቦ በነጻ ሊያያቸው ይችላል። ብራናው ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ቃሉ ዓለምን ዞረ። ኢንተርኔት ለበጎ ሥራ ሲውል ምን እንደሚመስል ለጠየቀኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የፊደሉ ነገር

ወደ ራሳችን ጽሑፍ እንምጣ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። በዚያ ዘመን አማርኛን በኮምፒውተር የሚጽፉ ፕሮግራሞች ነበሩን፤ እያንዳንዱ ግን ፊደላችንን የሚያስቀምጠው በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ፣ በራሱ አደራደር ነበር። አንድ ፎንት የሚይዘው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አልበቃ አለ። ስለዚህ ፊደሉ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ተከፋፈለ። አንባቢው ያንኑ ፎንት ካልጫነ የሚያየው የላቲን ምልክቶች ትርምስ ብቻ ነበር። ይህን የሸሹ ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ አድርገው ለጠፉት፤ ዓይን ያነበዋል፣ ፈላጊ ግን ፈልጎ አያገኘውም።

በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሸዋ ሮቢት የተጻፈ «ሀ» ሚኔሶታም «ሀ» ነው። በአንድ ኩባንያ አደራደር የተጻፉት የቀደሙት ገጾች ግን ብዙዎቹ ዛሬ ፎንታቸው ሲጠፋ አብረው ዲዳ ሆነዋል። ድንጋይ ሰባት መቶ ዓመት ሲናገር፣ የእኛ ገጽ ሃያ ዓመት አልተናገረም።

የሰው ቤት

ፊደሉ ቢቃና እንኳ ማደሪያው ሌላ ጉዳይ ነው። በ1994 የተመሠረተው ጂኦሲቲስ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ነጻ የድረ ገጽ ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ያሁ በ2009 ዘጋው። ኢንተርኔት አርካይቭና በጎ ፈቃደኞች ያተረፉት ሲቀር ሌላው ጠፋ። በአገራችንም በ2006 የብሎገር ገጾች ተዘግተው እንደ ነበር፣ በ2018 ደግሞ ከ200 በላይ የተዘጉ ድረ ገጾች እንደ ተከፈቱ እናስታውሳለን። የሰው ቤት ውስጥ ያደረ ዕቃ የሚወጣው በባለቤቱ ፈቃድ ነው።

ይህ ለይፋት ተረት አይደለም። በሚያዝያ 2021 የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ቤት ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠለውን አስቡት፤ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የውል ወረቀት፣ የአባት ደብዳቤ፣ የዕድር መዝገብ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ገጹ በዓለም ላይ እያለ ባለ አገሩ ሊያየው አልቻለም። ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ኢንተርኔት ብቻም አይበቃም።

እንግዲህ በምን ይውጣ?

ለጠያቂዎቹ ወጣቶች የምመልሰው ይህን ነው። መሣሪያውን በውበቱ አትምረጡ። መጀመሪያ ጽሑፋችሁ በዩኒኮድ ይሁን፤ ፊደሉን በፎቶግራፍ አትቅበሩት። ሁለተኛ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥታችሁ ወደ ሌላ ቤት ልትወስዱ የምትችሉበት ይሁን፤ በ2003 የተጀመረው ዎርድፕረስ ይህን ይፈቅዳል፣ ብሎገርም ቢሆን ጽሑፍን ያስወጣል። ፌስቡክ ወሬን ለማድረስ መልካም ነው፤ የዛሬ ዓመት የለጠፋችሁትን ፈልጉና ለምን መዝገብ እንደማይሆን ታያላችሁ። ሦስተኛ፣ ገጹ ቀላል ይሁን፤ አንባቢያችሁ በአነስተኛ ስልክ፣ በሚቆራረጥ መስመር ነው የሚያነበው። አራተኛ፣ ቅጂውን በየቦታው አኑሩ፤ ታትሞ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በፍላሽ በየቤቱ፣ በኢንተርኔት አርካይቭም ጭምር።

ከመሣሪያው በላይ ግን የሚጻፈው ነገር አለ። የፈረንሳይኛው ጥናት ፍሬ ነገር በአማርኛ ይጻፍ። ተናጋሪዎቹ እየቀነሱ ያሉት አርጎብኛ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ይቀዳ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ታሪክ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ የይፋት ምድር ሁለቱንም አብሮ ይዞ ኖሯልና። ሰባት መቶ ዓመት ሌሎች ስለ ይፋት ጻፉ፤ እናመሰግናቸዋለን። ከእንግዲህ ግን ካይሮና ፓሪስ ስለ ይፋት ማወቅ ሲሹ ሸዋ ሮቢት የተጻፈውን የሚያነቡበት ጊዜ ሊመጣ ይገባል።