«ቀዝቃዛ አታምጣልኝ»

ኢፍጧር ላይ «በረዶ ያለበት አይሁን፣ ሆድ ይረብሻል» የሚሉ አባቶችን ሰምታችኋል። ሱናው ሞቅ ያለ መጠጣት ነው የሚልም አይጠፋም። ይሄኛው ልክ አይደለም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጣም የሚወዱት መጠጥ ጣፋጭና ቀዝቃዛው ነበር፤ ቲርሚዚ ዘግቦታል። ቡኻሪ ውስጥ ደግሞ አንድ የመዲና ሰው ዘንድ ገብተው በእርኮት ያደረ ውሃ ጠይቀዋል። ቆዳው ስለሚያዣና ስለሚተን ውሃው ይቀዘቅዛል። በእንስራ የሚቀዳ ውሃም ምስጢሩ ይኸው ነው።

በረዶ ለእኛም አገር ባዳ አይደለም። ከዋግ ኽምራ ተከዜን ተሻግሮ ያለው የሰሜን ተራራ በረዷማነቱ በአዱሊስ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ ተቀርጾ ነበር፤ ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦታል። በ1187 ሰላሁዲን ሒጢን ላይ ለማረኩት ንጉሥ በበረዶ የቀዘቀዘ መጠጥ ሰጥተዋል።

የአባቶች ፍርሃት ምንጩ ሕክምና ነው። ኢብን ሲና (980–1037) ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጠጣ አስጠንቅቋል። የዛሬ ሐኪሞች ግን ቅዝቃዜው ጨጓራ ውስጥ ቶሎ እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ይልቅ በረዶው ከምን ውሃ እንደተሠራ ጠይቁ፤ ማቀዝቀዝ ጀርምን ሁሉ አይገድልም። አባትህ ሞቅ ያለውን ከፈለጉ ግን ሐዲስ ሳትጠቅስባቸው አምጣላቸው።