የፈርዖን ኩፉ መርከብ
የሊባኖስ ዝግባ
2500 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት፤ ጊዛ፣ ግብፅ
ርዝመት፦ 43 ሜትር ገደማ

በ1954 እ.ኤ.አ. ከታላቁ ፒራሚድ በስተደቡብ፣ በኖራ ድንጋይ ከተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ተፈታትቶ ተገኘ። ጉድጓዱ ጥብቅ ሆኖ በመዘጋቱ እንጨቱ ሳይበሰብስ ቆይቷል። 1,224 ቁርጥራጮቹን የገጣጠሙት ግብፃዊው የጥገና ባለሙያ አህመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ ናቸው፤ ለዚህም አስቀድመው በናይል ዳር ካሉ ጀልባ ሠሪዎች ሙያውን ቀሰሙ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ጎኑን ልብ ብለው ይመልከቱ። ሳንቃዎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በምስማር ሳይሆን፣ በውስጥ በኩል በተፈለፈሉ ቀዳዳዎች ባለፈ ገመድ ተሰፍተው ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ውሃ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፤ ገመዱም ይጠብቃል፤ መጋጠሚያውም ይደፈናል።

በ2021 እ.ኤ.አ. ሳይፈታ፣ እንደቆመ ወደ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛውሯል።